በሁዳዴ የሰጠኋት ጠብታ

ባለፈው ማክሰኞ ቡሬ ወዳለው ካምፓስ ንግግር እንዳደርግ ተጠርቼ ሄድሁ። ስለምሠራው ሥራ ነው፤ ከቫይታሚን ኤ የሚገኙ ውህዶች አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳትን እንዴት አደብ እንደሚያስገዙ፣ በስኳር በሽታስ ላይ ምን ተስፋ እንዳላቸው። እኔ ከተስፋው ይልቅ ጥርጣሬውን ማውራት ይቀናኛል፤ ተማሪ ግን ተስፋ ይወዳል። ሲያልቅ ከኋላ መደዳ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ፕሮፌሰር፣ ስንት የሚጠና ነገር እያለ ቫይታሚን ኤን ለምን መረጡ?» አለችኝ።

«ልጅ ሆኜ ካሮት ስለምወድ ነዋ!» አልኋት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። በዚህች ቀልድ ስንት ዓመት እንዳመለጥሁ እኔ ነኝ የማውቅ። ካሮት የሚባል ነገር ያየሁት ጢም ካበቀልሁ በኋላ ነው፤ እኛ ጓሮ የነበረው ጎመንና ድንች ብቻ ነው። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። ደብተሯ ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈችው። ውሸቴን እንደ ቁም ነገር ስትጽፍ ባየሁ ጊዜ አፈርሁ፤ ሻይ እንጠጣ ብለው ሲለምኑኝ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

እውነተኛው መልስ ሩቅ አይደለም፤ ከዚያው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ከማንኩሳ ገባ ብሎ ካለ አንድ ገጠር ነው። ለሚስቴ ነግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ነግሬው አላውቅም፤ ሌላ ሌላውን ነው የምናዘዝላቸው።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በላቦራቶሪ ሙያ ተመርቄ፣ ምደባ እስኪደርሰኝ ድረስ ለሕፃናት ቫይታሚን ኤ ከሚያድል ቡድን ጋር በጊዜያዊነት ተቀጠርሁ። አለቃችን ሲስተር አይናዲስ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ግን ከግቢ አጥር የሚሻገር። ቡሬ ላይ በተከራየነው ግቢ ሁለት ቀን አሠለጠነችን። ሥራው ቀላል ነው፤ እንክብሏን ጫፏን በመቀስ ትቆርጥና ዘይቷን ሕፃኑ አፍ ውስጥ ታንጠባጥባለህ። ለሕፃናትና ገና ለወለዱ እናቶች ይሰጣል። ለእርጉዝ ሴት ግን በፍጹም አይሰጥም።

«ስሙኝ፣» አለች ሲስተር፣ «መጠኑ ብዙ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሽሉን ሊያበላሽ ይችላል። ሴት ሁሉ ትጠየቅ። ለብቻዋ ትጠየቅ! አማት ባለበት የጠየቀ እንዳልጠየቀ ነው የምቆጥረው።» እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ ከሥሩም አሰመርሁበት። መጻፍና ማስመር እንደሆነ አልታማም ነበር።

ወሩ መጋቢት ነበር፤ ሁዳዴ ከተያዘ ሰንብቷል። እስከ ማንኩሳ በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለን፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዳንድ ቀን ድንገት ዝናብ ያወርድና አገሩ ሁሉ የአፈር ሽታ ይሸታል። በየደረስንበት ቤት ሳይበሉ መውጣት የለም፤ የሽንብራ ንፍሮ፣ ተልባ፣ የዳጉሳ እንጀራ በሱፍ ተፈትፍቶ። ያንን የሱፍ ፍትፍት ባሰብሁ ቁጥር ዛሬም ምራቄ ይሞላል። ይኸውላችሁ! ጥፋቴን ልናገር ተቀምጬ ስለ ሱፍ አወራለሁ። ሰው ወደሚያፍርበት ነገር ሲሄድ መንገዱን ማስረዘም ይወዳል።

አያ ምህረቱ ቤት የደረስነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። አምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እንግዳ ወዳድ ገበሬ ነበሩ። ጓደኞቼ ወደ ሌላው ጎረቤት አለፉ፤ እኔ ለሦስቱ የልጅ ልጆቻቸው ጠብታ ሰጥቼ ስጨርስ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ሐኪም፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አሉኝ። ሐኪም አልነበርሁም፤ ግን አላረምኋቸውም። «ይኸች የልጄ ሚስት ባንቺአምላክ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አታይም። ዳፍንት ያዛት። በቀደም እንስራ ሙሉ ውኃ እንደ ተሸከመች መድረኩ ላይ ወድቃ እንስራው እንክት አለ። ጉበት ይፈውሳል ይላሉ፤ በሁዳዴ ጉበት ከየት ይመጣል? ቢመጣስ ማን ይበላዋል? እስከ ፋሲካ እናያለን፤ ካልተሻላት ወደ አባቷ ቤት መመለሳችን ነው። ልጄ ገና ጎረምሳ ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ ዕውር ሲመራ ይኑር?»

ይህን ሲናገሩ ባንቺአምላክ ከደጅ፣ ከግድግዳው ጥግ ቆማ ትሰማለች። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባዋለች። ማታውን የዘነበው ዝናብ ግድግዳውን አርሶት ነበርና፣ በጥፍሯ የጭቃውን ምርጊት ፋቅ ፋቅ አደረገችና ሰው ያላያት መስሏት ወደ አፏ ወረወረችው። እኔ አየኋት። ታላቅ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ አምሮቷ እርጥብ ጭቃ ነበር፤ የእናቴን ግድግዳ በልታ ልትጨርሰው ነበር፤ ስንቴ ሥቄባታለሁ። ስለዚህ ባንቺአምላክን ሳይ ወዲያው ጠረጠርሁ። አልጠረጠርሁም ብል እግዜር ይታዘበኛል።

«አያ ምህረቱ፣ እኔ ጋ መድኃኒት አለ» አልኋቸው። «የጉበቱን ሥራ የሚሠራ ነው።»

«ጾም አይገድፍም?»

በቃ፣ ክርክሩ ተነሣ። አንዱ ጎረቤት እንክብሏን አሽትቶ «ዓሣ ዓሣ ይላል» አለ። ሌላው «ዓሣም ቢሆን ለታመመ ነው» አለ። አንዲት አሮጊት «የሞተች እንደሆነ ማን ይጠየቃል?» ብለው ጮኹ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው መምሬ ሞላ ካጠገብ ካለው እርሻ ተጠርተው መጡ። እንክብሏን በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት። «መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ሥጋን ለማስደሰት ሳይሆን ለጤና ነው። ትውሰድ፤ እኔ ፈትቻለሁ» አሉ። ሁሉም እፎይ አለ። እኔም በነገሩ ገብቼ እየተከራከርሁ፣ ዘይቱ ጥቂት ጠብታ ብቻ መሆኑን እያስረዳሁ፣ የሊቅ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። ስለ ጾሟ ሰባት ሰው ግማሽ ሰዓት ተከራከረ። ስለ ሆዷ ግን ማንም አልጠየቀም፤ የመጠየቁ ሥራ የተሰጠው ደግሞ ለኔ ነበር።

አማቷና የነፍስ አባቷ ፊት አንዲትን ሙሽራ «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ማለት በኛ አገር ነውር ነው። ገና ያልገፋ ሆድ አይወራም፤ ዓይን ይወጋዋል ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሰበብ አይሆነኝም። «ዓይኗን በብርሃን ልየው» ብዬ ወደ ጓሮ ብወስዳት ማንም አይከለክለኝም ነበር። አልወሰድኋትም። ብወስዳትና «አዎ» ብትለኝ እንክብሏን ወደ ቦርሳዬ መመለስ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ፣ መምሬ ሞላ ድረስ ተጠርተው! ከዚያ ይልቅ ዓይን ያበራ ልጅ መባል አማረኝ። በዚያ ላይ አዘንሁላት፤ ወደ አባቷ ቤት እንዳትመለስ ፈለግሁ። ይኸም እውነት ነው። ግን ሐዘኔታዬ ከኩራቴ ጋር ተቀላቅሎ ስለነበር የትኛው እንዳሠራኝ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ተጠርታ ፊቴ ቆመች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይኸ ነገር ለሰው ሁሉ ይሆናል ወይ? ለማንኛዋም ሴት ይሆናል?» አለችኝ።

የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቅ። ነገሩን አዙሮ፣ ሸፍኖ፣ አንተ እንድትገልጠው ደጅህ ላይ አኑሮልህ ይሄዳል። እኔ ከሌላ አገር አልመጣሁም፤ እዚያው ጎጃም ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ገባኝ። እንደ ገባኝም «ይሆናል» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ የእንክብሏን ጫፍ ቆርጬ አንጠባጠብሁላት። ቅጹ ላይ «እርጉዝ ናት?» ከሚለው ፊት ለፊት «አይደለችም» ብዬ ሞላሁ፤ የእጅ ጽሑፌም እንደ ወትሮው ያማረ ነበር።

በሳምንቱ በዚያው ስናልፍ አያ ምህረቱ ከሩቅ አዩኝና እየሮጡ መጡ። ባንቺአምላክ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ዶሮዎቹን ከጓሮ ለቃቅማ አንድም ሳታጎድል አስገባች ብለው እያወሩ፣ እያቀፉ፣ አገላብጠው ሳሙኝ። ወደ አባቷ ቤት መመለሷም ቀረ። ያን ቀን መንገዱን ሁሉ እያፏጨሁ ነው የሄድሁት።

ከፋሲካ በኋላ ሲስተር አይናዲስ ቅጾቹን አንድ በአንድ ስትመረምር የኔ ላይ ደረሰች። ለከፍተኛ ትምህርት እንዳመለክትበት የድጋፍ ደብዳቤ ጽፋልኝ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

«ይህች ልጅ ሕፃን አይደለችም፤ አራስም አይደለችም። ለምን ሰጠሃት?»

«ዳፍንት ነበረባት፣ ሲስተር።»

«ለብቻዋ ጠይቀሃታል?»

«አዎ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ካልጠየቅሃት አሁን ንገረኝ። አልቆጣህም። ነገ ሄጄ አያታለሁ፤ ለእርሷም ለቤተሰቧም ነግረን እንከታተላታለን። ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስንቱን ተሳስቻለሁ።»

ነገር ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታልኝ ነበር። እኔ ግን ደብዳቤውን አየሁ። «ጠይቄያታለሁ፤ የለም ብላኛለች» አልሁ። ሲስተር መነጽሯን መልሳ አደረገች፤ ደብዳቤውንም ፈረመችልኝ። ይኸው በዚያች ደብዳቤ ነው እዚህ የደረስሁ።

በኅዳር፣ ዳጉሳው ታጭዶ ጤፉ ሲወቃ፣ ፍኖተ ሰላም ሥራ ይዤ ነበርና ለአንድ ጉዳይ ቡሬ በገበያ ቀን ወረድሁ። አያ ምህረቱን እህል ተራ አገኘኋቸው። ከስተዋል። ያለወትሯቸው ቀስ ብለው ሰላም አሉኝና ጠላ ቤት ይዘውኝ ገቡ።

«ባንቺአምላክ ደኅና ናት?» አልሁ።

«የለችም። ወለደች፤ ወንድ ነበር። ምን ልበልህ፣ ጆሮ የለውም፤ በጆሮው ቦታ ትንሽ ሥጋ ብቻ ነው ያለው። ትንፋሹም ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈ፤ ክርስትና እንኳ አልደረሰም።» ጠላቸውን አስቀመጡ። «ሰው ከዘሯ ነው አለ። ያ ዳፍንቱም ምልክት ነበር አሉ። ልጄም ፈራ። ምን እናድርግ፣ ወደ አባቷ ሰደድናት። ስትሄድ አንዲት ቃል አልወጣትም፤ ይብላኝ ለርሷ!»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «አያ ምህረቱ፣ ከዘሯ ላይሆን ይችላል፤ እኔ የሰጠኋት ነገር ሊሆን ይችላል» ማለት። ምናልባት በዚያው ሳምንት ሽማግሌ ልከው ያስመልሷት ነበር። አፌ ውስጥ ቃሉ ነበረ። የጠላ ቤቷ ሴትዮ መጥታ ጣሳዬን ሞላችው። ጠጣሁት። «እግዜር ያጽናችሁ» አልሁና ተነሣሁ። እርሳቸው እንኳ እስከ መኪናው ሸኙኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ትምህርት ነው፣ አገር ለአገር መዞር ነው፣ ላቦራቶሪ ነው። ቫይታሚን ኤ ከአካላችን ሲገባ የሚለወጥባቸው ውህዶች ለሕዋስ ትእዛዝ ያደርሳሉ፤ አንተ እንዲህ ሁን፣ አንተ በቃህ ይሉታል። ሥርዓት የጣሰ የካንሰር ሕዋስ አንዳንዴ በነርሱ ይገራል። ማኅፀን ውስጥም የጽንሱን ጆሮ፣ ልብና ፊት ቦታ ቦታ የሚያሲዙት እነርሱ ናቸው፤ ሲበዙ ትእዛዙ ይደበላለቃል። ይህን ሁሉ አጠናሁ። ግን ልንገራችሁ፣ እውነቱን ለማወቅ ብቻ አልነበረም፤ መደበቂያም ፈልጌ ነው። አንዲት እንክብል ብቻዋን ያንን ልጅ ትጉዳው አትጉዳው ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም። ከሌላ ምክንያትም ሊመጣ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ እኔም በዚህ እውነት ሥር ተጠልዬ ተኛሁ።

ባንቺአምላክ የት እንዳለች ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አባቷ ሲሞቱ ፍኖተ ሰላም ወጥታ ጌሾና ቅመም እንደምትሸጥ ከሰማሁ ብዙ ዓመት ነው። በዚያ አስፋልት ስንቴ አልፌያለሁ! መኪናው ገበያው አጠገብ ሲደርስ ስልኬን አወጣና አንገቴን እደፋለሁ።

ያቺ ተማሪ ውሸቴን ከጻፈች በኋላ ግን አልቻልሁም። ሐሙስ ዕለት ከቡሬ ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ፤ ባጃጅ ይዤ ገበያው ኋላ ሄድሁ። ጠባብ ሱቅ ናት። ባንቺአምላክ ጌሾ ቅጠል ከእንጨቱ ስትለይ አገኘኋት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ስሜን አታውቀውም፤ ያ በሁዳዴ ጠብታ የሰጠሁሽ ልጅ ነኝ ስላት ብድግ አለች።

«ኧረ በሞት! ዓይኔን ያበሩልኝ አንቱ ነዎት? ስምዎን ሳላውቅ እኮ ነው ስመርቅዎት የኖርሁ!» ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ስኳር እንዳለባትም ነገረችኝ። እኔም ፈሪው፣ ማምለጫ ያገኘሁ መሰለኝና ስለ ስኳር በሽታ ማስተማር ጀመርሁ፤ ስለ አመጋገብ፣ ስለ እግር ጥንቃቄ፣ ስለ ኪኒኑ ሰዓት። በትሕትና ትሰማኛለች። የምለው ሁሉ ሲያልቅብኝ «ለዚህ ነው የመጡ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነገርኋት። መጠርጠሬን፣ ጥያቄዋ ገብቶኝ «ይሆናል» ማለቴን፣ ለሲስተር መዋሸቴን፣ አያ ምህረቱ ፊት ዝም ማለቴን፤ አንድም አላስቀረሁም።

ጌሾውን መልቀም ጀመረች። ብዙ ለቀመች። «እንግዲያ ከኔ አልነበረም?» አለች።

«ከአንቺ ነው የሚያሰኝ ነገር የለም። ከጠብታው መሆኑንም እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ጥፋቱ ግን የኔ ነው።»

እርግማን ጠብቄ ነበር፤ ለቅሶም ጠብቄ ነበር። እርሷ ግን ከጌሾው ላይ ዓይኗን ሳታነሣ «ኋላ አንድ ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር፤ የማንኩሳ ሰው» አለች። «ደግ ሰው ነበር። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ነው። አባቴም እሺ ብሎ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልሁ። እንዲያ ያለ ልጅ ደግሞ ልወልድለት? አዘንሁለት።»

ያን ሁሉ ዓመት ሰው በሐሰት ፈረደባት እያልሁ ነበር የማስብ። እርሷም በራሷ ላይ እንደ ፈረደች፣ ፍርዱን ተቀብላ እንደ ኖረች፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ስነሣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «የወንድሜ ልጅ ለጋብቻ ተጠይቃለች» አለችኝ። «የወንዱ ወገን ዘር እያጣራ ነው። አክስቷ ጆሮ የሌለው ወልዳለች ብለው አንሥተዋል አሉ። እሑድ ሽማግሎቹ ወንድሜ ቤት ይሰበሰባሉ። ለኔ የነገሩኝን እዚያ ይንገሩልኝ። የኔስ አልፏል።»

እመጣለሁ አልኋት። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ይህን የምጽፈው ፍኖተ ሰላም ካረፍሁበት ክፍል ነው። በትልልቅ ጉባኤ ላይ «ሊሆን ይችላል፣ ላይሆን ይችላል» እያልሁ ኖሬበታለሁ፤ የገጠር ሽማግሌ ግን ቁርጡን ነው የሚጠይቅ። ነገ ቁርጡን እነግራቸዋለሁ፤ ጠርጥሬ ነበር፣ ዝም አልሁ። እፈራለሁ፤ ግን እሄዳለሁ። የወንድሟ ልጅ ምናልባት በሰላም ትዳራለች፤ ሽማግሌ ልኮ እንቢ ለተባለው ለማንኩሳው ሰውዬ ግን የምነግረው ቃል የለኝም።